የአያቴ መድኃኒት ቀማሽ

ስትሮክ ከመታቸው በኋላ የአያቴ የማስታወስ ችሎታ ቀስ በቀስ ሲጠፋ፣ እናቴ ሪቻርድሰን ከተማ ካለ የቻይና የባህል መድኃኒት ቤት የሚፈላ ሥራሥር አመጣች። ሐኪማቸውም ከኪኒናቸው ጋር እንደማይጋጭ አይተው ፈቀዱ። ይርዳቸው አይርዳቸው እስከ ዛሬ አላውቅም። ስሜን ረስተውታል፤ ያቀረበ ሰው ቀድሞ እንደሚቀምስ ግን አንድም ቀን አልረሱም። ከሥራ መልስ ጋርላንድ ከተማ ያለው ቤታቸው ፓርክ አድርጌ ገብቼ አፍልቼ ሳቀርብላቸው፣ ኩባያውን ወደ እኔ ይገፉታል።

«አንቺ ቅመሺው እስቲ።»

«ኦኬ እማማ፣ ይኸው ቀመስኩ።»

«ፊትሽን አጨማደድሽ። እንደገና።»

ፊቴን ሳላጨማድድ ስውጥ ብቻ ነበር የሚጠጡት።

ከአርባቸው በኋላ ኪችን መሳቢያ ውስጥ የቀረችውን አንድ ጥቅል አፍልቼ፣ ባዶ ወንበራቸው ፊት ተቀምጬ ቀመስኩ። ፊቴ ተጨማደደ። ጠበቅኩ፤ «እንደገና» የሚለኝ አጣሁ።