የጉጠቱ ፎቶ

ከመርሳ የወጣሁ ለት፣ ገና ሳይነጋ፣ ሚኒባሱ ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል። እናቴ በመስኮቱ አንገቷን አስገብታ፣ «እሺ፣ ምን ልትማር ሄደች ልበል?» አለችኝ።

«ብረት።»

ሾፌሩ ሰምቶ እንደሆነ ዞር ብላ አየች። «ዝም በይ! ሕክምና ነው የምላቸው።»

ሚኒባሱ ተንቀሳቀሰ።

እዚህ ጀርመን ዳቦው ይጎመዝዛል፤ እንጀራን ሊመስል ይሞክርና አይሆንለትም። ሥራዬ ብረትና ኮባልት አቅልጦ መቀየጥ ነው። ቅይጡ ከምድጃ እንደወጣ ውሃ ውስጥ ከተነከረ አቶሞቹ እንደተደባለቁ ይቀራሉ፤ ይታጠፋል፣ ይሳባል። ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ ግን እያንዳንዱ አቶም የተመደበለትን ቦታ ይይዛል፤ ያኔ ይሰበራል። በዓይን ሲያዩት ሁለቱም አንድ ናቸው።

አከራዬ ፍራው ሽሚት ትባላለች፤ ፍራው ወይዘሮ ማለት ነው። ሽሚት ደግሞ ቀጥቃጭ ማለት ነው፤ ስሟን በነሐስ አስቀርጻ በሯ ላይ ሰቅላዋለች። «እኛ አገር የቀጥቃጭ ልጅ የሚያገባ የለም፤ ቡዳ ነው፣ በዓይኑ ሰው ይበላል ይባላል» አልኳት።

«እንዲያማ ቢሆን ሽሚት የሚባለው የዚህ ከተማ ግማሽ ሰው ሳያገባ ቆሞ ይቀር ነበር!» ብላ ሳቀች። «አይዞሽ፣ እኔ ቁርሴን በልቻለሁ።»

ሳቋ አደፋፈረኝ መሰል፣ የጋለ ብረት በጉጠት ይዤ የተነሳሁትን ፎቶ ለእህቴ ለሰዓዳ ላክሁ። እሷ ደግሞ ሐራ ከተማ ላሉት ለእጮኛዋ ቤተሰቦች አሳየች። ኒካሁ፣ የጋብቻ ውሉ፣ ቆመ። «ዘራችሁ እንዴት ነው?» ብለው ላኩ።

የእጮኛዋ አያት፣ ሐጂ እንድሪስ፣ ራሳቸው ደወሉልኝ። ቅይጡን ልነክር ስል ነበር፤ ምድጃውን አጥፍቼ እዚያው ውስጥ ተውኩት።

«አሰላሙ ዐለይኩም ልጄ፤ ብርዱ እንዴት ያደርግሻል?»

«አልሐምዱሊላህ አባባ፤ አንቱስ ደህና ነዎት?»

«እንዲያው... ያ ጉጠት ምንድን ነው?»

የአባቴን ማረሻ የሚያበጅልን ሰውዬ ትዝ አለኝ። ከደጃችን አልፎ አያውቅም፤ ውሃ የሚጠጣበት ጣሳም ለብቻው ነበር። ቀጥቃጭ ብሆንስ ምን ይሆናል ማለት ነበረብኝ።

«የሐኪም ዕቃ ነው፤ በእሳት እናጸዳዋለን» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ! እኛማ የማይሆን ጠርጥረን፤ አፉ በይን። እንግዲያ ለዚህ ጉልበቴ ምን ይሻለኛል?»

በሙቅ ውሃ ይሹት አልኩ። መረቁኝ። ፊቴ እንደ ምድጃው ጋለ።

በማግስቱ ሰዓዳ ደወለች። ያደረውን ቅይጥ ከምድጃው እያወጣሁ ነበር፤ ቀጭን ነው፣ ውሃ ውስጥ ቢነከር ኖሮ እንደ ገመድ ይጠመዘዝ ነበር።

«እህቴ፣ ፎቶውን አጠፋሁት። ለኒካሁ ትመጫለሽ አይደል? መርሳ እኮ ናፍቃሻለች።»

ናፍቃኛለች። በጉጠቱ ይዤ ላጥፈው ብል ቀጭ ብሎ ለሁለት ተሰበረ።

«ምንድን ነው የተሰበረው?»

«ምንም አይደል» አልኳት፤ «ብርጭቆ ነው።»