ፒካፑ ተቀርቅሯል

እኛ ፕሎት ውስጥ ሚስጥር የሚባል ነገር የለም። አንድ ግቢ ነው፣ ዙሪያውን የኪራይ ክፍል ተደርድሮበታል፣ በክፍልና በክፍል መሃል ያለው ግድግዳ ቆርቆሮ ነው፣ ወደ መንገድ የሚያወጣው ደግሞ አንድ የብረት በር ብቻ። ጎረቤት ካስነጠሰ ከአልጋህ ሳትነሳ "ይማርህ" ትለዋለህ። ተጣልተህ ከሆነም ዝም ትላለህ፣ ዝም ማለትህም ይሰማል።

ጊታሩ ከናይሮቢ በአውቶቡስ ነው የመጣው። እኔ ሄጄ አልገዛሁትም። መንገዱ ላይ ካሉት ኬላዎች የመጀመሪያውን እንኳን አላልፍም፤ ኪፓንዴ የለኝም። መታወቂያ ማለቴ ነው። ለማውጣት የሚያጣሩት ሽማግሌዎች ፊት ቀርቤያለሁ። "የአያትህ ኪፓንዴ የታለ?" አሉኝ። አያቴ እኮ ኬንያ የሚባል አገር መኖሩንም ሳትሰማ ነው የሞተችው። እናቴ ነች በዋልዳ የስደተኞች ካምፕ ጊዜ ከኢትዮጵያ ተሰዳ የመጣችው። ካምፑ ሲዘጋ ሌላው ሄደ፣ እሷ ቀረች። እኔ እዚሁ ኬንያ ሞያሌ ተወለድኩ፣ እዚሁ ፎርም ቱ፣ እስከ አስረኛ ክፍል ማለት ነው፣ ተማርኩ፣ ወረቀት አምጣ ሲሉኝ እዚሁ ትምህርቱን ተውኩ። "አያቴ ኪፓንዴ ቢኖራት እኔ እናንተ ፊት ምን አቆመኝ?" ብዬ መለስኩላቸው። እናቴ ጎኔን ቆነጠጠችኝ፣ ግን ዘግይታለች። ሰዎቹ ተያዩና "የሚቀጥለው" አሉ። አፌ እንደዚህ ነው፣ ከኔ ቀድሞ ነው የሚወጣው።

ስለዚህ ጊታሩን የመረጠልኝ የአውቶቡስ ረዳት ነው። ረዳት ስለ ጊታር የሚያውቀው ክር እንዳለው ብቻ ነው። ቀይ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ለፎቶ የሚሆን ነገር አመጣልኝ። ስትመታው ግማሹ ክር ይጮሃል፣ ግማሹ ያንሾካሹካል። ችግሩ ፒካፑ ነበር። ፒካፕ የምንለው ክሮቹ ስር የሚቀመጥ ማግኔት ነው፤ የክሩን ድምፅ ለቅሞ ወደ ስፒከር የሚልከው እሱ ነው። ከኔ በፊት የነበረው ሰውዬ፣ እጁ ይሰበርና፣ ለጠባብ ፒካፕ በተሰራ ጉድጓድ ውስጥ ሰፊ ፒካፕ ሊከት ሞክሯል። እንጨቱን በመሮ ቦርቡሮ፣ አልገባ ሲለው ማስቲሽ አፍስሶበት፣ ገፍቶ ከቶታል። ፒካፑ ተንጋዶ ነው የደረቀው። በአንድ ጎኑ ወጥቶ ቀጭኑን ክር ይነካል፣ በሌላው ጎኑ ሰምጦ ወፍራሞቹን አይሰማም። ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ብሎን ጭንቅላቱ ተልጧል። ቤት ውስጥ ለብቻህ ስትነካካው ምንም አይደል፣ ትችለዋለህ። ሰው ሊሰማህ ሲመጣ ነው ጉዱ።

ሰው ደግሞ ሊሰማኝ ነው። ማዶ፣ ኢትዮጵያ በኩል፣ ሰርግ የሚጫወት ባንድ አለ። ጊታር የሚመታላቸው ልጅ ጥሏቸው ሄደ። የባንዱ አለቃ፣ ኪቦርድ የሚጫወተው፣ ደወለልኝና "ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት መኪናው ጋ ናልኝ፣ ጊታርህን ይዘህ" አለኝ። "እሰማሃለሁ። ከሆንክ ከኛ ጋር ትወጣለህ። መጀመሪያ ሜጋ፣ ከዛ ያቤሎ፣ ከዛ ወደ ላይ እንቀጥላለን።" ኬላ ላይ የሚናገረው አለቃው ነው። "ሙዚቀኞች ነን፣ ሰርግ አለብን" ይላል፣ ያሳልፏቸዋል። ይሄ ለኔ ስራ ብቻ አልነበረም፣ መውጫ ነበር። በሕይወቴ ከሞያሌ የራቅኩት ኦቦ የሚባል መንደር ድረስ ነው፣ እሱም ፍየል ልንጭን።

ቅዳሜ ጠዋት ጊታሩን አቅፌ ወደ ሬዲዮ ጠጋኙ ልሄድ ስል የጎረቤታችን ልጅ በሩ ላይ ደረቴን በእጁ ገፋኝ። እኩያዬ ነው፣ ቦዳቦዳ፣ የሞተር ታክሲ፣ ይነዳል፣ ሞተሩ ግቢው ውስጥ ላስቲክ ለብሳ ቆማለች።

"ወዴት ነህ አንተ ኮከብ? ምሳኮ አለ።"

ምሳኮ አፈሳ ነው። የፖሊሱ ፒካፕ ገበያው ጋ ቆሞ ያገኘውን ይጭናል።

"ማንን ነው የሚጭኑት?"

"ኪፓንዴ የሌለውን፣ የሞተር ላይሰንስ የሌለውን። እኔ አንዱ አለኝ፣ አንዱ የለኝም።"

"እኔ ሁለቱም የለኝም።"

"አንተማ ሞተርም የለህ! በነፃ ነው የምትታሰረው" ብሎ ሳቀብኝ።

ገባሁ። በጓሮ ያለውን አቋራጭ አሰብኩ፣ ግን በምሳኮ ቀን አቋራጩ ላይም ይቆማሉ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያበቃል ብዬ ራሴን አሳመንኩና ፒካፑን እዚሁ በእጄ ልነቅለው ወሰንኩ።

እናቴ ከመጋረጃው ወዲያ የቦንዳ ልብስ እየለየች ነበር፣ ሱሪውን ለብቻ፣ ሸሚዙን ለብቻ። ማዶ ወስዳ ትሸጣለች። ጊታሩን ስሙን አትጠራውም፣ "ሳጥኑ" ነው የምትለው። "ሳጥኑን ፈታኸው?" አለችኝ። "ልትገጥመው ትችላለህ ወይስ እንደ ፋኑ ነው?" ፋኑን ፈትቼው ነበር፣ አልገጠመም።

ክሮቹን አላላሁ። ላዩ ላይ ያለውን የላስቲክ ሽፋን በቢላ ጫፍ ፈታሁ። ከስር የማስቲሹ ብዛት! እንደ ቀለጠ ሻማ ተጋግሮ ፒካፑን እስከ ወገቡ ውጦታል። በፒንሳ ያዝኩት፣ ተንሸራተተ። በቢላ ፈነቀልኩት፣ እንጨቱ ቀጭ አለ። ጠንከር እንዳልል ውስጡ ያለው ሽቦ ከጸጉር ይቀጥናል፤ አንዱ ከተበጠሰ ፒካፑ ሞተ ማለት ነው። ከላይ ቆርቆሮው በፀሐይ ጋለ፣ ላቤ ጊታሩ ላይ ይንጠባጠባል። ውጭ መውጣት አልችልም፣ ጠጋኙ ጋ መሄድ አልችልም፣ ይሄም ነገር አይወጣም። ተሳደብኩ፣ ቢላውን ግድግዳው ላይ ወረወርኩት።

"ከማን ጋር ነው የምትጣላው?" አለች እናቴ።

"ከፒካፑ! ፒካፑ ተቀርቅሮ ነው!"

ከቆርቆሮው ማዶ የቦዳቦዳው ልጅ እናት ሰማችኝ። አዴ ነው የምንላት፣ ወተት ትሸጣለች። ቦረና ነች፣ አማርኛዋን የለመደችው ገበያ ላይ ነው። ወንዱን ሴት ታደርገዋለች፣ ማንም አያርማትም።

"ፒካፑ ተቀረቀረች?" አለች በቆርቆሮው ቀዳዳ።

የምትቀልድብኝ መሰለኝ። "አዎ አዴ፣ ተቀርቅሯል! እስከ አንገቱ!"

"አትወጣም?"

"በትራክተር ቢጎትቱትም አይወጣም! ዛሬ የሚወጣ እንዳይመስልሽ!"

"አልሃምዱሊላህ" አለች።

ምን ያስመሰግናል ብዬ እንኳን አልጠየቅኩም፣ ምክንያቱም የዛኔ ነው ነገሩ የመጣልኝ። ከላሉት ክሮች ቀጭኑን አወጣሁና ሁለቱን ጫፍ በጨርቅ ጠቅልዬ ያዝኩት። ክሩን ከፒካፑ ስር አስገብቼ እንደ መጋዝ መሳብ ጀመርኩ። ወዲህ፣ ወዲያ። ማስቲሹ እንደ ዱቄት መርገፍ ጀመረ። ውጭ በር ሲከፈት እሰማለሁ፣ ሰው ይስቃል፣ ከየክፍሉ እግር ይወጣል፣ ሞተሯ ተነስታ ግቢውን በጭስ ሞላችው። ምሳኮው አለቀ ማለት ነው አልኩ በልቤ፣ ግን ቀና አላልኩም። ወዲህ፣ ወዲያ። ከዛ ፒካፑ ነቅነቅ አለ። እንደ ልጅ ጥርስ። በሁለት ጣቴ ይዤ አወጣሁት፣ ሽቦው አልተበጠሰም። ጮህኩ፣ በደስታ።

መንገድ ላይም ጩኸት ነበር። "ሲማማ! ሲማማ!" ቁም ማለት ነው፣ የፖሊስ ድምፅ ነው። ሰው ሲሮጥ፣ የብረቱ በር ሲላተም፣ ሴት ስትጮህ። ከዛ መኪናው ሲሄድ ሰማን። በደንብ ነው የሚሄደው።

አዴ በራችንን በእግሯ ከፍታ ገባች። ነጠላ ጫማዋ አንዱ የለም።

"ልጄ ተጫነች! ሞተሯም ተጫነች! አንተ ፒካፑ ተቀርቅራለች አላልክም? ላጋው ውስጥ አላልክም?"

ላጋው ደረቁ ወንዝ ነው። ያን ሰሞን ዘንቦ ጭቃ ሆኖ ነበር፣ መኪና ይይዛል። ያኔ ገባኝ። የፖሊሱ ፒካፕ ላጋው ውስጥ ተቀርቅሯል ብላ ለልጇ ነግራዋለች፣ ልጇ ለግቢው፣ ግቢው ለሰፈሩ። ቤቱ የተደበቀ ሁሉ ወጣ።

"ላጋ መቼ አልኩሽ? ፖሊስ የሚል ቃል ከአፌ ወጥቷል? ይሄ ነው ፒካፑ!" ብዬ እጄን ዘረጋሁላት።

አየችው። ከክብሪት ሳጥን ትንሽ ነው የሚበልጠው፣ ማስቲሽ እንደ ንፍጥ ተንጠልጥሎበታል።

"ይቺ?"

"እሱ ነው።"

"ይቺ ናት ፒካፕ?"

እናቴ የያዘችውን ሸሚዝ አፏ ላይ አደረገች። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች እስካሁን አላውቅም። አዴ ግን አልሳቀችም። ሌላ ጊዜ ብትሆን ትሰድበኝ ነበር፣ እኔም እመልስላት ነበር፣ ይቀለን ነበር። ዞራ ወጣች። ከዛ ሰንሰለት ሲንኳኳ ሰማሁ። የብረቱን በር ቆለፈችው። ቁልፉን ጡቷ መሃል ከታ፣ ጄሪካን ገልብጣ በሩ ስር ተቀመጠች።

እኔ ተመልሼ ስራዬ ላይ ተቀመጥኩ። ሌላ ምን ልሰራ? ጣቢያ ሄጄ "ልጁን ፍቱት" ብል የሚታሰረው አንድ ሰው ሁለት ይሆናል። ጉድጓዱን በጠርሙስ ስባሪ ፍቄ አስተካከልኩት። ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ሶል ቆርጬ ከስር አነጠፍኩለት፣ እንደ ሞላ ከፍ እንዲያደርገው። ፒካፑ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ሽቦው ከማብሪያው በኩል ላልቶ ነበር። መበየጃ የለኝም፤ ምስማር በከሰሉ ላይ አግዬ፣ ከሞተ ሬዲዮ እርሳስ ቀድቼ በየድኩት። ጣቴ ተቃጠለ። ክሮቹን መልሼ ወጠርኩና፣ እንደ ስፒከር ከምጠቀምበት አሮጌ ቴፕ ጋር አገናኝቼ መታሁት። ሁሉም ክር እኩል ተናገረ። ከገዛሁት ጀምሮ ድምፁን የሰማሁት ያኔ ነው ማለት ይቻላል። ጥሩ ጊታር ነበር እኮ። ረዳቱን በከንቱ ነው የረገምኩት።

ጊታሩን በጀርባዬ አድርጌ ወደ በሩ ሄድኩ። ስምንት ሰዓት አልፏል።

"አዴ፣ ክፈቺልኝ።"

"ማንም አይወጣም።"

"ፖሊሱ ሄዷል እኮ።"

"ማን አለች? አንተ ነህ ያልከው? ያንተን ወሬ ጠግቤያለሁ።"

"ማሎ አዴ፣" ለመንኩኝ፣ በሷ ቋንቋ፣ "ስራ ነው። ዛሬ ካልሄድኩ ሌላ የለም። መኪናው ይሄዳል።"

ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ ደርቋል። "የኔን ልጅ አፍህ ወሰዳት" አለችኝ። "የእናትህ ልጅ እዚህ ትቀመጥ።"

ወደ እናቴ ዞርኩ። እናቴ በራችን ላይ ቆማ ነበር። አንድ ቃል ብትናገርላት አዴ ትሰማት ነበር፣ ሃያ ምናምን አመት ጎረቤት ናቸው። "ግባና ምሳህን ብላ" አለችኝ። በቃ።

አጥሩን አየሁት። አናቱ ላይ የተሰበረ ጠርሙስ ተተክሎበታል፣ ሌባ እንዳይገባ። ሌባ እንዳይገባ ነው የሰራነው እንጂ ማን ሊወጣ ነው ብለን። እኔ ብቻዬን እዘለው ይሆናል፤ ጊታሩን ይዤ አልዘለውም። ብዘለውስ፣ አዴ ጩኸቷን ብትለቀው ፖሊስ መጥራት ነው። ሴትየዋ ቁልፉን ብትይዝም የያዘኝ ቁልፉ አይደለም። ለመውጣት ልጇን እየጠበቀች የተቀመጠች እናት ፊት ረግጬ ማለፍ ነበረብኝ። አልቻልኩም። ለዚህ አሁንም እናደዳለሁ። በሷ ይሁን በራሴ አልለየሁትም።

አለቃው ደወለ።

"የታለህ ወንድሜ? ጭነን ጨርሰናል።"

"ቤት ነኝ። አንዴ ስማኝ፣ እዚሁ ላሰማህ።" ስልኩን ቴፑ ላይ አስደግፌ መታሁለት። ከላይ እስከ ታች፣ ወፍራሙንም ቀጭኑንም። ስልኩን መልሼ አነሳሁት።

"ይሄማ ጥሩ ነው!" አለ። "ና ቶሎ!"

"መውጣት አልችልም። ተቆልፎብኛል።"

"ማን ቆለፈብህ?"

"ጎረቤታችን።"

ሳቀ። "ስንት አመትህ ነው አንተ?"

ስለ ፖሊሱ፣ ስለ ልጁ፣ ስለ ፒካፑ ልነግረው ጀመርኩ፣ እኔ ራሴ ስሰማው ግን የውሸት ይመስላል። "ፒካፕ ሁለት ነው" እያልኩ እንዴት ላስረዳው? "እሺ፣ እሺ" ይለኛል፣ ከጀርባው የመኪና በር ይዘጋል። "ሌላ ሰው ይዘን እንሄዳለን፣ አትቀየም። ጥሩ ትመታለህ" አለኝና ዘጋው።

ምሳውን አልበላሁትም።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ በሩ ተንኳኳ። "እናቴ፣ ክፈቺ" የሚል ድምፅ። አዴ ቁልፉን ከደረቷ ስታወጣ ሁለቴ ጣለችው። ልጇ በእግሩ ነው የመጣው፣ ሸሚዙ አቧራ ለብሷል፣ ሞተሯ ጣቢያ ቀርታለች። አዴ አላቀፈችውም። ጭንቅላቱን በመዳፏ መታችው፣ ከዛ ክንዱን ይዛ ወደ ቤት ጎተተችው፣ ወተት ልታፈላለት።

እኔ በራችን ላይ ተቀምጫለሁ። ሲያልፍ ቆመ።

"በትራክተር አይወጣም አልክ አሉ" አለኝ።

"ለሱ አይደለም ያልኩት።"

"አውቃለሁ። ጣቢያ ውስጥ ሁሉም ሲሰድብህ ዋለ። ማን እንዳለው አልነገርኳቸውም።" አቧራውን አራገፈ። "ሄደዋል እነሱ። መንገዱ ባዶ ነው። ውጣ ከፈለግክ።"

"ወዴት?"

ትከሻውን ነቀነቀና ገባ። አዴ ቸኩላ ስለነበር ቁልፉን ከጓጉንቸሩ ሳትነቅል ነው የሄደችው፣ በሩ ወለል እንዳለ። ፍየሎች ገብተው የእናቴን ቦንዳ ማሽተት እስኪጀምሩ ድረስ ማንም ሊዘጋው አልተነሳም።