ማን አንሺ አለሽ?

ትናንት ከሰዓት በኋላ ነው። ንዴቱ እስካሁን አልወጣልኝም፣ ስለዚህ ወሬዬ ቢረዝም ታገሱኝ...

ካፉሪ፣ የሀብታሞቹ ሰፈር፣ አንድ ቪላ ውስጥ እሠራ እንደነበር የምታውቁ ታውቃላችሁ። ጦርነቱ ሲጀመር ማዳም እናቷን ሐጃን ይዛ ካይሮ ገባች፣ እኔ ከእነሱ ቀድሜ ገዳሪፍ ሄጄ ነበር። ከተማው ረጋ ሲል ደወለችልኝ። «ሂጂና ቤቱን አጽጂልን፣ ኢንሻአላህ እንመለሳለን» አለችኝ። ሄድኩ።

ቤቱ ቤት አይመስልም። ዘራፊዎቹ የመብራት ሽቦ ሳይቀር ከግድግዳው ፈልቅቀው ወስደዋል። ክፍሎቹን ጠርጌና ወልውዬ ስጨርስ ዓይኔ በረንዳው ሥር ካለው መደብ ላይ አረፈ። ድሮ ሐጃ ጅርጅርና ናና የሚዘሩበት ነው፤ ጅርጅር ያቺ ከፉል ጋር በጥሬዋ የምትበላው ቅጠል ናት። አሁን ብሎኬት፣ የሸክላ ስባሪ፣ ሲሚንቶና መስታወት ተቆልሎበታል። መቼም ጦርነት ነው፣ ግድግዳ ወድቆበት ነው ብዬ አሰብኩ።

ማንም አላዘዘኝም። ሐጃ ሲመለሱ ጅርጅራቸውን ከደጃቸው ቀጥፈው ይብሉ ብዬ ነው። ስታመም ሾርባ ይዘው አጠገቤ የሚቀመጡት እሳቸው ናቸው፣ ልጃቸው አይደለችም። በዚያ ፀሐይ ስባሪውን በጋሪ እየገፋሁ ከበር ውጭ ደፋሁት። መስታወት እጄን ቆረጠኝ፣ ወገቤ ተቆረጠ። አፈሩን በወንፊት ነፋሁ። ከባለ አህያ ጋሪዎቹ ፍግ ለመንኩ፣ ጅርጅሩን ዘርቼ ናናውን ተከልኩ። ቧንቧ ውሃ ስለሌለው በጀሪካን ተሸክሜ አጠጣሁ። ከዚያ ጅርጅሩ ብቅ አለ፣ ናናውም ያዘ...

ደስ ብሎኝ ፎቶ አንስቼ ለማዳም ላክሁላት። አየችው። መልስ የለም። ሥራ ይዟት ነው ብዬ ተውኩት።

ትናንት ሳትነግረኝ መጣች፣ ወንድሟን አስከትላ። ሐጃ ካይሮ ቀርተዋል። ያን ሁሉ ጊዜ ተለያይተን፣ ያ ሁሉ መዓት አልፎ... ሰላም እንኳ አላለችኝም። ሻንጣዋን በር ላይ ጥላ በቀጥታ ወደ መደቡ ሄደች። የምንነጋገረው በዐረብኛ ነው፣ ወደ ራሳችን አምጥቼ ልንገራችሁ።

«ማን አንሺ አለሽ?»

«ምኑን?»

«ስባሪውን። ሆን ብዬ ነው ያስከመርኩት። ማን አንሺ አለሽ?»

ለካ ከመሸሿ በፊት ወርቋን በጣሳ አድርጋ እዚያ ቀብራ፣ ማንም እንዳይቆፍር ብላ ነው ፍርስራሽ ያስከመረችበት። ለእኔ ትንፍሽ አላለችም። እኔም ከላይ ነው እንጂ ወደ ታች አልቆፈርኩም፣ ጅርጅር ጉድጓድ አይፈልግም። ማን ይስማኝ።

ወንድሟ አካፋ ይዞ ገባበት። ጅርጅሬን ከነሥሩ እየገለበጠ ቆፈረ፣ ቆፈረ... ምንም የለም።

«ሀራሚያ» አለችኝ። ሌባ ማለቷ ነው። ወላሂ፣ እዚያ ቤት ስኖር ሳልጠይቅ ስኳር እንኳ አንስቼ አላውቅም። ወንድሟ ስልኩን አወጣ። «ፖሊስ ይምጣና ለእሱ ትናገር» አለ።

የመኖሪያ ወረቀቴ ጊዜው አልፏል። ማደስ የነበረባት ራሷ ማዳም ናት። ፖሊስ ከመጣ ወርቁ ተገኘም አልተገኘም እኔ እታሰራለሁ፣ ሁለቱም ይህን ያውቃሉ።  ግን ከፍርሃቱ ንዴቱ ባሰብኝ።

«መጀመሪያ ሐጃ ጋ ደውሉ» አልኩ። «እሳቸው እኔን ያውቁኛል። ከዚያ የፈለጋችሁትን ጥሩ።»

ማዳም ሁላችንም እንድንሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ ደወለች። እያለቀሰች «እማ፣ ወርቄን ሠራተኛዋ ወሰደችው» አለቻቸው። ሐጃ እስክትጨርስ ጠበቋት። ከዚያ ቀስ ብለው...

«ወርቁ እኔ ጋ ነበር። ስባሪ የሚከምሩልሽን ሰዎች ልትጠሪ ስትወጪ ቆፍሬ አወጣሁት። ለተሰደደ ሰው አፈር ውስጥ ያለ ወርቅ ምን ያደርግለታል? ብነግርሽ እምቢ ትይ ነበር። ካይሮ ስንበላ የከረምነው ከየት የመጣ መሰለሽ?»

ወንድሟ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

«ለመሆኑ ልጅቷን ምን አላችኋት?» አሉ ሐጃ።

 ማዳም ስልኩን ዘጋችው።

ወንድሟ ጀለቢያውን አራግፎ ወደ ጥላው ሄደ። ማዳም ዓይኗን ጠረገች። እኔ ቆሜ እየጠበቅሁ ነው... አንዲት «ይቅርታ»። በዐረብኛ ትሁን በምልክት፣ ግድ የለኝም።

የተገለባበጠውን መደብ አየት አደረገችና «ያላ፣ ጅርጅሩን ሳይጠወልግ መልሰሽ ትከዪው» አለችኝ።

ደሜ ፈላ።  ጋሪውን ይዤ ከበር ወጣሁ። የደፋሁት ስባሪ አሁንም እዚያው ተከምሯል። ሞላሁና ተመልሼ መደቡ ላይ ዘረገፍኩት። ደግሞ ሄድኩ፣ ደግሞ ዘረገፍኩ። ከበረንዳው ወረደች።

«አበድሽ? ምን እያደረግሽ ነው?»

«ማን አንሺ አለሽ አላልሽኝም? እየመለስኩልሽ ነው።»

ብሎኬቱን፣ ሸክላውን፣ መስታወቱን... ሁሉንም እንዳገኘሁት አድርጌ መለስኩላት። ለሐጃ ብቻ ነው ያዘንኩት፣ እሳቸው ምን አደረጉኝ። ከአካፋው የተረፈችውን፣ ስባሪው ሳይጫናት ያነሳኋትን ናና ከነሥሯ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ልብሴን ሰብስቤ ወጣሁ። ማንም አልከለከለኝም።

አሁን ካላክላ ሰፈር፣ የአገሬ ልጅ ዘሀራ ጋ ነኝ። ግቢዋ ጥግ ላይ ጠጠርና ቆርቆሮ የተጣለበት ባዶ መሬት አለ። ናናዬን ይዤ እዚያ ቁጢጥ አልኩና፣ አንዲት ጠጠር ሳላነሳ ጠራኋት።

«ዘሀራ፣ ከሥር የቀበርሽው ነገር ካለ አሁኑኑ ተናገሪ።»