አባቴን ከቡሬ ያስመጣው ግንብ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ሞባይል ስልክ መቱ ከተማ ከመግባቱ በፊት፣ ከቡሬ መጥቼ ስፌት በምማርበት ዓመት ነው። ዛሬም ትዝ ሲለኝ መጀመሪያ አፍራለሁ፣ ቀጥሎ ብቻዬን እስቃለሁ።

ከተከራየሁበት ቤት አጠገብ ፎቶ ቤት ነበር። ባለቤቱ ጋሼ በቀለ አንዱን ግድግዳ ሙሉ ባሕርና ባሕሩ ዳር የቆመ ያረጀ ግንብ አስለውበታል። አንድ ቅዳሜ ፀጉሬን ተሠርቼ እዚያ ግድግዳ ፊት ቆምኩ። ጋሼ በቀለ ሲያነሱ ዝም ማለት አይሆንላቸውም። «አራት ማማ አለው። ያቺ ቀዳዳ የመድፍ ናት፣ ጠላት በመርከብ ሲመጣ የሚተኮስባት። ንጉሡ ሴት ልጁን ሊድርበት ነው ያሠራው» አሉኝ። የትኛው ንጉሥ ብላቸው «የድሮ» አሉ፣ በቃ።

እኔም ጉራ አማረኝ። ፎቶው ጀርባ ላይ «አባዬ፣ ይህ ጥንታዊ ግንብ ነው። አራት ማማ አለው። ማዕበሉ እስከ በሩ ይመጣል። እኔ በጣም ደህና ነኝ» ብዬ ጽፌ በአውቶቡስ ረዳት ላክሁት። ስለ ፎቶ ቤቱ አንዲት ቃል አልጻፍኩም።

በሦስተኛው ቀን የግቢው በር ተንኳኳ። ብከፍት አባቴ ነው፣ ዓይኑ ቀልቷል። ሲያየኝ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ መቼ ተመለስሽ?»

«ከየት?»

«ከባሕሩ ነዋ።»

ለካ ያን ሰሞን ከሰፈራችን ሁለት ልጆች ለማንም ሳይናገሩ ዓረብ አገር ሄደው ኖሯል። ፎቶዬ ሲደርስ እናቴ እሪ ብላ ጎረቤት ሰብስባለች። አባቴ የመጣው ከማን ጋር እንደሄድኩ አከራዬን ሊጠይቅ ነበር።

እጁን ይዤ ፎቶ ቤት ወሰድኩት። ግድግዳውን አየ። ቀረብ ብሎ ማዕበሉን በጣቱ ነካ፣ ጣቱንም አየው። ከዚያ ወደ ጋሼ በቀለ ዞሮ «በዚህ ቀለም ነው እንግዲህ ሁለት ቀን እህል ያልቀመስኩት» አለና መሳቅ ጀመረ። እኔ ግን አለቀስኩ፣ በጣም ነው ያፈርኩት።

«በሉ ሁለታችንንም እዚሁ ያንሱን» አለ።

«ኧረ እማዬ አንተም ሄድክ ትላለች» አልኩት። እሱ ግን ከፎቶው ጀርባ «ይህ ግድግዳ ነው» ብዬ እንድጽፍ አደረገኝ።

ፎቶው አሁንም ቡሬ ቤታችን ተሰቅሏል። እንግዳ ሲመጣ አባቴ ከጋሼ በቀለ የሰማውን ይዞ ማማውን፣ መድፉን፣ የንጉሡን ልጅ ሠርግ ያየ ሰው ሆኖ ያወራል። እኔ ግን ዘወትር የማየው እጁን ነው። ግድግዳ መሆኑን በጣቱ ነክቶ አረጋግጦ እንኳ፣ ፎቶው ላይ ክንዴን ጭምድድ አድርጎ ይዞኛል።