የደጊቱ አውራ ጣት

ባለፈው ጥቅምት፣ ዝናቡ ጨርሶ ወጥቶ የጎንደር ሰማይ በጠራበት ሳምንት፣ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ጎብኚዎችን ይዘው ወደ ደጋው መውጣት የሚሹ ወጣቶችን እንድፈትን ተጠየቅሁ። ጡረታ የወጣ ሰው እምቢ የሚልበት ምክንያት ያልቅበታል። ሄድሁ።

ተፈታኞቹ አሥራ አራት ነበሩ። አብዛኞቹ ፈረንሳይኛቸውን ከስልክ የለቀሙ ናቸው፤ ሰላምታቸው ያማረ፣ ግሳቸው የፈረሰ። ዘጠነኛዋ ስታነብ ግን ብዕሬን አስቀመጥሁ። ስሟ ራሔል ነው። ቀኝ እጇን ጠረጴዛው ላይ አሳርፋ፣ እያንዳንዱን ቃል ስትጠራ በአውራ ጣቷ የሌሎቹን ጣቶች አንጓ አንድ በአንድ ትነካለች። ቃሉ ሦስት ቦታ የሚከፈል ከሆነ ሦስት አንጓ፣ አራት ከሆነ አራት። ፈረንሳዮች ከግሳቸው ጫፍ ላይ ጽፈው የማያነቧቸው ፊደላት ዘንድ ስትደርስ አውራ ጣቷ ይቆማል። እንዲህ የሚያደርግ ሰው በሕይወቴ ያየሁት አንድ ብቻ ነበር።

«ይህን ማን አስተማረሽ?» አልኋት።

«ማንም። እናቴን አይቼ ነው። እሷ ኪርያላይሶን የምትቈጥርበት ነው።»

እናቷ የድብ ባሕር ሴት እንደ ሆነች፣ ስሟም ደጊቱ እንደሚባል ነገረችኝ። አብረን ተምረናል አልኋት፤ ሳላስበው አመለጠኝ። ልጅቱ ፊቷ በራ፤ አንድ ጥያቄም ጠየቀችኝ። የመለስሁላትን ከመናገሬ በፊት፣ የዛሬ አርባ ዓመት ግድም የሆነውን መናገር አለብኝ። አንባቢም የጣፈጠ ትዝታ አይጠብቅ። ዕድሜ ያለፈውን ሁሉ ያለዝበዋል ሲሉ እሰማለሁ። እኔ ያጋጠመኝ ሌላ ነው፤ ሥጋው ረግፎ አጥንቱ ቀርቷል።

ፈረንሳይኛ ያስተማረን ሰው መምህር ወርቁ ይባል ነበር። ያን ጊዜ አንቱ እንለው ነበር፤ ዛሬ ግን ለአንቱታው የሚበቃ ምክንያት አላገኘሁለትም። በልጅነቱ ቅኔ ቤት የተቀመጠ፣ በጕልምስናው ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ትኬት ሲቈርጥ የኖረ ሰው ነው። ከባቡር ጣቢያው ጥርት ያለ ፈረንሳይኛ፣ ከቅኔ ቤቱ ደግሞ አርጩሜ ይዞ ወደ ጎንደር ተመለሰ። ተማሪው ከጀርባው፣ በፈረንጆቹ አጠራር፣ «ሙሴ ወርቁ» ይለዋል። ከመደበኛው ትምህርት በኋላ፣ ፒያሳ አጠገብ ጣልያን ሠርቶት በሄደ ቤት ውስጥ፣ ዘጠኝ ልጆች ሰብስቦ ያስተምር ነበር። መስኮቱ ሰፊ፣ ወለሉ ቀዝቃዛ፣ ግድግዳው ቢጫ ነው። ትምህርቱ እንደ ቅኔ ቤት ግስ ማውረድ ነበር፤ እኔ፣ አንተ፣ እሱ፣ እኛ እያልን፣ የግሱን ጫፍ ብቻ እየለወጥን፣ በዜማ እናወርደዋለን። ከዚያ ቃሉን ሲነገር በሚሰማው ድምፅ ልክ እንከፍለዋለን።

ሕግ ነበረው። አንድ ተማሪ የተጠየቀውን ከሳተ ጥያቄው አጠገቡ ለተቀመጠው ያልፋል። ያ ከመለሰ አርጩሜውን ተቀብሎ የሳተውን መዳፍ ይመታል፤ ቃሉ በሦስት የሚከፈል ከሆነ ሦስት፣ በአምስት ከሆነ አምስት። ሁለቱም ከሳቱ መልሱን መምህሩ ራሱ ይናገራል፤ ማንም አይመታም። ራርቶ የመታ ግን እጥፉን ራሱ ይቀበላል። ሙሴ ወርቁ በእጁ ማንንም ነክቶ አያውቅም። ይህን ያህል ብልህ ነበር።

አጠገቤ የምትቀመጠው ደጊቱ ናት። የድብ ባሕር ቄስ ልጅ፤ ቀሐ ወንዝ አጠገብ በተከራየችው ክፍል ከሁለት የአገሯ ልጆች ጋር ታድራለች። በየሁለት ሳምንቱ ከቤቷ ድርቆሽና ሽሮ በጭነት መኪና ይላክላታል። ድርቆሹን በዘይትና በበርበሬ አርሳ ስታቀርበው ከቤቴ ምሳ ይልቅ ይጣፍጠኝ ነበር፤ ይህንንም አንድ ቀን እንኳ ነግሬያት አላውቅም። በአንጓ መቍጠርን ያሳየችኝ ያን ድርቆሽ ስንበላ ነው። «አባቴ አርባ አንዱን ኪርያላይሶን የሚቈጥረው እንዲህ ነው» አለችኝ። «አራቱ ጣት አሥራ ሁለት አንጓ አለው። ሦስት ዙር ሄደሽ አምስት ትጨምሪያለሽ።» እኔ ግን አልለመድሁትም። የገጠር ነገር መሰለኝ።

ደፋር ነበረች። አንድ ቀን ከግሱ ጫፍ የሚጻፉትንና የማይሰሙትን ፊደላት አይታ፣ «ምነው መምህር፣ ፈረንሳዮች የማይነበበውን ይጽፉታል?» አለችው።

«ቅዳሴ ላይ ዝም ብሎ የሚቆም ሰው ከምእመናን አይቈጠርም?» አላት።

«እሱስ ለጸበል ጻዲቁ የመጣ ነው» አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ ራሱ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በታኅሣሥ አንድ ጥያቄ ሳትሁ። «እንጨርሳለን» የሚለውን ነበር የተጠየቅሁት፤ የትንቢቱን፣ የመጪውን ጊዜ ጫፍ ትቼ የአሁኑን ሰጠሁ። ደጊቱ መለሰች። ሦስት ጊዜ መታችኝ፤ መታችኝ ከተባለ። አርጩሜው መዳፌን የነካው አቧራ እንደሚያራግፍ ሰው ነበር።

«ዝንብ ነው የምታባርሪ?» አለ ሙሴ ወርቁ። አርጩሜውን ተቀብሎ ለእኔ ሰጠኝ። ስድስት። ስድስቱን ድምፄን ከፍ አድርጌ እየቈጠርሁ፣ ሙሉ ክንዴን አንሥቼ መታኋት። ሕጉ እንደሚያዝዘው ነበር። ሕግ የሚያዝዘውን ማድረግ እንዴት እንደሚያሳርፍ የተማርሁት ያን ቀን ነው፤ በኋላ በተቀመጥሁባቸው ወንበሮች ሁሉ ጠቅሞኛል።

ከዚያ ወዲህ ደጊቱ እኔ የሳትሁትን መልሳ አታውቅም። መጀመሪያ አጋጣሚ መሰለኝ። በሦስተኛው ጊዜ ግን እጇን አየሁ። አውራ ጣቷ አንጓዎቹን እየነካ ሄዶ ትክክለኛው ላይ ቆመ፤ ከዚያ «አላውቅም መምህር» አለች። ሁለታችንም ሳንመታ ቀረን። ታውቃለች፤ እኔን ላለመምታት ትክዳለች። አላመሰገንኋትም። የማውቅ መሆኔንም አልነገርኋትም። ስለት ያለው ነገር ያገኘ ሰው እንደሚያደርገው፣ ሸፍኜ አስቀመጥሁት።

በየካቲት መምህሩ አንድ ወሬ አመጣ። አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ፈረንሳይኛ የሚያስተምር፣ መኝታና ቀለብ የሚሰጥ ቦታ ተገኝቷል፤ ከእኛ አንድ ሰው ብቻ ይሄዳል፤ የሚሄደውን የሚወስነው የእሱ ደብዳቤ ነው። በመጋቢት፣ በጾሙ አጋማሽ፣ ማክሰኞ ቀን ይለየናል።

ከዚያ በፊት በነበረው ቅዳሜ የደጊቱ አባት ገብስ ጭነው ለገበያ መጡ። ረጅም፣ ጥምጥማቸው በመንገዱ አቧራ የቀላ ሰው ናቸው። ጉልበታቸውን ሳምን። ለእኔም ለእሷም ከኪሳቸው ቆሎ ዘግነው ሰጡንና፣ ቆመው እንደ ነበሩ ለልጃቸው ነገሯት። ድምፃቸው ቍጣ አልነበረውም።

«ትምህርቱ ሸጋ ነው፣ ልጄ። ግን ከዚህ ወዲያ ስንቅ የማመላልስበት አቅም የለኝም። አዲስ አበባው ከሆነልሽ ሽማግሌዎቹን እመልሳቸዋለሁ። ካልሆነልሽ ከፋሲካ በኋላ ሠርግሽ ነው።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው እኔስ ምን እንዳሰብሁ ጠየቁኝ። እኔም ያንኑ ቦታ እንደምሻ ነገርኋቸው። «ለሁለታችሁም እግዜር ያድላችሁ» አሉ። ቦታው አንድ ብቻ መሆኑን ደጊቱ አልነገረቻቸውም ነበር።

ይህን በትክክል ልጽፈው ይገባል። የእኔ አባት የመንግሥት ጸሐፊ ነበር፤ ያ ቦታ ቢያመልጠኝ ሌላ አላጣም። ሊያጋባኝ የቸኰለ ሰውም አልነበረም። ቦታው ለእኔ ክብር ነበር፤ ለእሷ በር ነበር። ልዩነቱን በአሥራ ሰባት ዓመቴ አሳምሬ አውቀው ነበር። አላወቅሁም ነበር የሚለውን የሽማግሌ ማምለጫ አልጠቀምበትም።

ማክሰኞ ዕለት ሙሴ ወርቁ ሁለት ሕግ ለወጠ። ሁለቱም ከሳቱ ጥያቄው መጀመሪያ ወደ ተጠየቀው ይመለሳል እንጂ አይዘጋም አለ። አሸንፎ ራርቶ የመታም ቦታውን ያጣል አለ። ይህን ሲል ያየው ደጊቱን ነው። ሰባቱ ልጆች በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደቁ። እኔና እሷ ፊት ለፊት ቆመን ቀረን። ከውጭ የክረምት እንጨት የሚፈልጥ ሰው ድምፅ ይሰማል። ጾም ነበርና ሁላችንም ከጧት ጀምሮ አልበላንም።

«እነሱ ይታዘዙ ነበር» አለኝ መምህሩ። «ተናግረሽ ክፈዪው።»

ግሱን ትክክል ጠራሁት። ስከፍለው ግን ጫፉ ላይ የተደረደሩትን ፊደላት በዓይነ ኅሊናዬ አይቼ፣ የማይሰማውን ቈጠርሁ። አምስት አልሁ።

«ለደጊቱ አልፏል» አለ።

ያን ጊዜ ነው ያደረግሁት። ማንም ሳያዘኝ ግራ እጄን ዘረጋሁ፤ መዳፌን ወደ ላይ፣ ወደ እሷ። እጄ በራሱ አልተንቀጠቀጠም። አንቀጠቀጥሁት። ከክንዴ ጀምሬ፣ ጣቶቼ ለየብቻ እስኪርዱ ድረስ፣ ከንፈሬንም ነክሼ።

ደጊቱ መዳፌን አየች። አውራ ጣቷ ተነሣ፤ የሌባ ጣቷን ሦስት አንጓ ነካ፣ ወደ መሀል ጣቷ ተሻግሮ አንዱን ነካ፣ ቆመ። አራት። ፊቴን አየችኝ፤ እንደገና እጄን አየች። ከወዲያ እንጨቱ ሁለት ጊዜ ተመታ።

«አላውቅም መምህር» አለች።

መምህሩ ተመለከታት። ያወቀ ይመስለኛል። «ለአስቴር ተመልሷል» አለ።

የደጊቱ አውራ ጣት አሁንም መሀል ጣቷ ላይ ነው። ማንሣቱን ረስታው ይሁን፣ እንዳየው ትታልኝ ይሁን እስከ ዛሬ አልለየሁትም፤ ሁለተኛው እንዳይሆን እመኛለሁ። «አራት» አልሁ። «ኦ፣ ቤ፣ ኢ፣ ሴ።»

አርጩሜውን ተቀበልሁ። እጇን ዘረጋች። የእሷ አልተንቀጠቀጠም። አራቱንም በሙሉ ክንዴ አሳረፍሁባት፤ በአራተኛው አርጩሜው ተንሸራትቶ የእጇን አንጓ ላጠው። ሙሴ ወርቁ ራሱን ነቀነቀ፤ ደብዳቤውን በስሜ ጻፈ።

ስንወጣ መንገድ ዳር ካለው ቧንቧ ላይ መዳፏን አሳረፈች። ውኃው ሄዶ ስለ ነበር የብረቱን ቅዝቃዜ ብቻ ነው ያገኘችው።

«ምነው እንዲያ ተንቀጠቀጥሽ?» አለችኝ። «እኛ አገር እንዲያ የሚንቀጠቀጥ በሬ እንኳ አይመቱም።»

ደብዳቤውን አጥፌ ደብተሬ ውስጥ ከተትሁት።

«አዲስ አበባ ስትደርሺ ጻፊልኝ።»

እሺ አልሁ። አልጻፍሁም። ከፋሲካ በኋላ አባቷ በጭነት መኪና መጥተው ወሰዷት፤ ሳጥኗና ምንጣፏ ከበርበሬ ጆንያ ላይ ተጭኖ በደባርቅ መንገድ ወጣ። እኔ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ፈረንሳይ ገባሁ። የማዕረግ ጽሑፌን የሠራሁት በዚያው ቋንቋ የግስ ጫፎች ላይ ነው፤ ፈታኞቼ ጥንቃቄዬን አደነቁ። ወደ ጎንደር ተመልሼ ሠላሳ ዓመት ሳስተምር መንገዱ ድብ ባሕር ድረስ አስፋልት ሆነ። አንድ ቀን አልሄድሁም። ላገኛት የፈራሁ አይደለሁም። ካገኘኋት ደስ ብሏት እንደምትቀበለኝ እርግጠኛ ስለ ነበርሁ ነው።

እንግዲህ የራሔል ጥያቄ ይህ ነበር፦ «እናቴ እኔም ፈረንሳይኛ ጀምሬ ነበር፣ ግን ደካማ ነበርሁ፣ አልሆነልኝም ትላለች። እውነት ደካማ ነበረች?»

ጥያቄው ከቀረበልኝ ሁሉ ቀላሉ ነበር። የለም፣ ከሁላችንም ትበልጥ ነበር ማለት ብቻ ይበቃል። ግን ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ አውቀዋለሁ፤ ታዲያ ምነው ቀረች ትለኛለች። አጠገቤ ሁለት ፈታኞች ተቀምጠዋል፤ የቀድሞ ተማሪዎቼ ናቸው።

«አዎ» አልኋት። «ደካማ ነበረች።»

ራሔል ፈገግ አለች፤ እናቷ ያለችው እውነት ሆኖ በመገኘቱ ያዘነች አልመሰለኝም። ከሃያ አሥራ ሰባት ሰጠኋት። የሚገባት አሥራ ሰባት ነበር፤ ለእናቷ ብዬ አንድ አልጨመርሁም፣ ለራሴም ብዬ አንድ አልቀነስሁም። ሰዎች ፍትሐዊ ነች ሲሉኝ የሚሉት ይህን ነው።

ቅጹ ላይ እፊቷ መፈረም ነበረብኝ። ሁለት ዓመት ሆነኝ፣ ቀኝ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ሐኪሙ ስም ሰጥቶታል፣ መድኃኒት ግን አልሰጠውም። ብዕሩ ወረቀቱን እየሳተ ሲሄድ ልጅቱ አየች። ጐንበስ ብላ ወረቀቱን በመዳፏ ደግፋ፣ ፈርሜ እስክጨርስ ያዘችልኝ።

አላመሰገንኋትም። ዐሥረኛውን ጥሩልኝ አልሁ።