መሃል ላይ የቆመው ዘፈን

የሰፈራችን ዘፈን ጫኚ፣ ሰው ሌባ ሲለው ደሙ ይፈላል። «የማን ኪስ ገባሁ?» ይላል፣ አቧራ የጠገበ ኮምፒውተሩን መታ መታ እያደረገ። «በየጓዳው ሲበሰብስ የነበረውን ካሴት ከሞት ያተረፍኩት እኔ ነኝ!»

ከጎኑ ልብስ የምሰፋው እኔ ደግሞ «ታዲያ ዘፋኞቹ ምን ይብሉ?» እያልኩ ነገር እቆሰቁሳለሁ።

አንድ ቀን ጠና ያሉ እናት መጡና አንድ የድሮ የፍቅር ዘፈን ስልካቸው ላይ እንዲጭንላቸው ጠየቁት። የፈለጉት ዘፈን መሆኑን ሰምተው እንዲያረጋግጡ ከፈተላቸው። ዘፈኑ ግን መሃል ላይ ቀጥ አለ።

«ይቅርታ እማማ፣ ካሴቱን እዚህ ጋ ቴፕ በልቶት ነው።»

እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ከቆመበት ቀጠሉና እስከ መጨረሻው ዘፈኑት። ድምፁ ሻከረ እንጂ ያው ካሴቱ ላይ ያለው ራሱ ነው። እኔ መርፌዬን እንደያዝኩ ቀረሁ፤ እሱ ከወንበሩ ተነሳ።

«እማማ... ሳላስፈቅድዎት...» አለ።

«ተወው ልጄ» አሉት። «ካሴቱ እኔ ጋ እንኳ አልተረፈም። አንተ ባትሰርቀኝ ኖሮ ድምፄን ከየት አገኘው ነበር?»

እዚያው ማይክ አወጣና የጎደለውን ቀድቶ ከድሮው ጋር ገጠመው።

ዛሬ ያን ዘፈን ያስጫነ ሁሉ እየተነጫነጨ ይመለሳል። «በልጃገረድ ድምፅ ይጀምርና በአሮጊት ድምፅ ያልቃል፤ ተበላሽቷል እንዴ?»

«ምንም አልሆነም» ይላል ጫኚው፣ ቀና ሳይል። «ዘፋኟ እስክትጨርሰው ጊዜ ወስዶባት ነው።»