ስሙ ያልዞረ መኪና

አባቴ ቀረጥ ፈርቶ መኪናውን አጣ ይባላል። እኛ ተራ ውስጥ ይህን ያልሰማ የለም፤ ሻይ ቤት የሚውሉትም፣ ከአብነት ዕቃ ሊያነሱ የሚመጡትም ያውቁታል። «ለመንግሥት ሲሰስት ለሰው አስረከበ» እያሉ ይስቁበታል። እኔ ግን የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ የሰማሁት ሌላ ነው።

መኪናዋን የገዛው ከሱቅ ጎረቤቱ ነበር። አንድ ግድግዳ ተጋርተው ብትን ጨርቅ ሲሸጡ ነው ሁለቱም ያረጁት። አባቴ ከጉራጌ አገር የመጣ ክርስቲያን፣ ጎረቤቱ የወሎ ሙስሊም፤ እኛ ልጆቹ ሐጂ ነበር የምንላቸው። የአባቴ ጉልበት እየከዳው ሲመጣ ሐጂ አሮጌ ነጭ ዲኤክሳቸውን ሸጡለት። ገንዘቡን ተራው ሁሉ እያየ ተቀበሉ። ስም ማዛወሩ ላይ ሲደርሱ ግን ሁሉም የሚያደርገውን አደረጉ፤ ሐጂ ውክልና ሰጡት፣ ሊብሬው በእሳቸው ስም እንዳለ ቀረ።

«መኪናዋ ወደብ ስትገባ ተቀርጣለች» ይል ነበር አባቴ። «ከዚህ ሱቅ ወደዚያ ሱቅ ብትሻገር መንግሥትን ምን ያገባዋል?»

«አንተ ብቻ ደህና አድርገህ ንዳ፤ ሊብሬው የእኔ ነው» ይሉታል ሐጂ እየሳቁ።

ከዚያ ሐጂን ኩላሊት አመማቸው። ልጆቻቸው ሥራቸው ሌላ ከተማ ስለነበር የእጥበት ቀን በመጣ ቁጥር አባቴ በዚያችው ዲኤክስ ያመላልሳቸው ጀመር። ሐጂ ከፊት ይቀመጣሉ፤ እኔ ደግፌ ላወጣቸውና ላገባቸው ከኋላ።

አንድ ጠዋት ተክለ ሃይማኖት ጋ መንገድ ተዘጋግቶ ቆመን ሳለ ሐጂ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ዛሬ መንገድ ትራንስፖርት ጎራ ብለን ስሙን እናዙረው። ውክልና እኮ የሚሠራው እኔ እስካለሁ ድረስ ነው» አሉ።

አባቴ መንገዱን እያየ፣ «አሁን ቀረጡ ተወዷል» አለ። «ረከስ ሲል እናዞራለን።»

«ግማሹን እኔ ልቻልህ።»

«ተው አልኩህ። ስትድን በእግርህ መጥተህ ታዞርልኛለህ።»

ሐጂ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

ሐጂን ቤታቸው አድርሰን ሱቅ ስንገባ አላስችል አለኝ። «አባዬ፣ ቀረጥ ረክሶ ያውቃል?» አልኩት።

«ታዲያ ምን ልበለው?» አለኝ። «ሳትሞት ቶሎ ፈርምልኝ ልበለው?»

ሐጂ ክረምቱን አልወጡም። አባቴ ሐዘን ቤቱ ውስጥ እንደ ወንድም ተቀምጦ ነው የከረመው። ሐዘኑ በረድ ሲል የሐጂ ሁለት ወንዶች ልጆች ከእናታቸው ጋር ወደ ሱቃችን መጡ። ቆመው፣ እጃቸውን አጣምረው፣ «ጋሼ፣ አባታችን አውሰውዎት የነበረውን መኪና ለመውሰድ ነበር» አሉ። ያ ጨዋነታቸው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ቢሳደቡ ይሻለኝ ነበር። እናታቸው ሽያጩን ያውቃሉ፤ እዚያው ከልጆቹ ኋላ ቆመው መሬት መሬቱን ያያሉ። እትዬ አንድ ቃል ቢተነፍሱ ኖሮ ሁሉም ነገር እዚያው ያልቅ ነበር። አልተነፈሱም።

የተራው ሰው ምስክር እንሁንህ ብሎት ነበር። እኔም ፍርድ ቤት እንሂድ ብዬ ጮህኩ። አባቴ፣ «እሱን ቀብሬ ስሙን በችሎት ላስጠራ?» ብሎ ዘጋኝ። መኪናዋን አሳጥቦ፣ ነዳጅ ሞልቶ፣ ቁልፉንና ሊብሬውን አስረከባቸው። ለምን እንዳላዞረ ሲጠየቅ፣ «ቀረጥ ፈርቼ ነው» ይላል። እውነቱን እንዳልናገር እኔንም አስማለኝ። ከዚያ ወዲያ ያንን ጉልበቱን እየጎተተ ታክሲ ሲጋፋ ባየሁ ቁጥር ልቤ ይደማል።

አምና እኔም ያገለገለ መኪና ገዛሁ። ሻጩ በውክልና እንጨርስ ብሎ ለመነኝ፤ እምቢ አልኩ። መንገድ ትራንስፖርት ለቀረጡ ብሎ የመኪናውን ዋጋ ራሱ ገመተ፤ እኔ ከከፈልኩት በልጦ አረፈው። ብስጭት ብዬ የአባቴን ጥያቄ መስኮቱ ላይ ለተቀመጠችው ልጅ ደገምኩላት፤ ወደብ ላይ የተቀረጠ መኪና ለምን እንደገና ይቀረጣል?

«የሚከፈለው ለመኪናው አይደለም፣ ለዝውውሩ ነው» አለች ቀና ሳትል። «ባለቤት በተለወጠ ቁጥር ይከፈላል።»

ከፈልኩ። እያጉረመረምኩም ቢሆን ከፈልኩ፤ ሰው ሲሞት ቃሉ አብሮት እንደሚቀበር አይቻለሁና።

አባቴን ከሱቅ ልወስደው ሄድኩ። ከፊት ገብቶ ጉልበቱን በእጁ አንስቶ አስገባና በሩን ዘጋ።

«ስሙ ዞሯል?» አለኝ።

«ዞሯል።»

«ሻጩ ጤነኛ ነው?»

«ጤነኛ ነው አባዬ። ጎረምሳ ነው።»

«እንግዲያው ጥሩ ነው» አለ። «ከጤነኛ ሰው ጋር አይከብድም።»

ተክለ ሃይማኖት ስንደርስ መንገዱ እንደ ልማዱ ተዘግቷል። አባቴ ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። እኔ መንገዱን እያየሁ ቆየሁ።